የስቲምፓንክ ፓተርኖች ግምገማ፦ ቅርጹ ከፖስታው፣ ጥንካሬው ከሰፊው

ስቲምፓንክ፣ ማለትም የእንፋሎት ማሽን ዘመንን መልክ ከምናባዊ ማሽኖች ጋር የሚያዋህድ አለባበስ፣ ለመልበስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ጥርሳም የነሐስ ጎማ፣ የአብራሪ መነጽርና ቡናማ ቆዳ ላይ ነው። ልብሱን ስቲምፓንክ የሚያሰኘው ግን ጌጡ ሳይሆን ቅርጹ ነው፦ ጠበብ ያለ ወገብ፣ ከኋላ ከፍ ያለ ዳሌ፣ ትከሻ ላይ ልክክ ያለ እጅጌ፣ እስከ መሬት የሚወርድ ጉርድ። ይህ ቅርጽ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ከተለበሰው ልብስ የተወሰደ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅርጹ ከሌለ ጎማውም ሰንሰለቱም ተራ ሸሚዝ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፓተርኑ፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅድ፣ በደንብ ይመረጥ። እዚህ የምንመዝነው የሦስት ፓተርን ቤቶችን ሥራ ነው፦ የሲምፕሊሲቲን ቁጥር 2172፣ የትሩሊ ቪክቶሪያንን ቲቪ110 ኮርሴት (በገመድ እየተሳበ ወገብን የሚያጠብቅ ልብስ) እና ቲቪ261 ጉርድ፣ እንዲሁም የላፊንግ ሙንን ቁጥር 100 ኮርሴት።

የወረቀት ፓተርን ራሱ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። የሲንገር ማሽን የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1851 ነው፤ ኢቤኔዘር በተሪክ የተባለ ሰው አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ በልክ በልክ የተከፋፈለ ፓተርን መሸጥ የጀመረው በ1863፤ ማኮል የተባለው ሌላ ፓተርን ቤት ደግሞ በ1870 ተከተለ። ከበተሪክ በፊት ፓተርን በአብዛኛው የሚታተመው በአንድ ልክ ብቻ ስለነበር፣ ማስፋቱም ማጥበቡም የሰፊዋ ዕዳ ነበር። ስቲምፓንክ የሚለው ቃል የመጣው በ1987 ገና ነው፤ ልብሱን የሚሸከመው መሣሪያ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞት ነበር።

ሲምፕሊሲቲ 2172 በአንድ ፖስታ ሦስት ልብስ ይሰጣል፦ ኮት፣ ቡስቲየር (ደረትና ወገብ ላይ ልክክ የሚል የላይ ልብስ) እና ጉርድ። ትልቁ ጥንካሬውም ይኸው ነው። ከራስጌ እስከ ግርጌ እርስ በርሱ የሚስማማ ሙሉ ልብስ በአንድ ግዢ ይገኛል፣ መመሪያው በሥዕል የተደገፈ ነው፣ ቤት ውስጥ ባለ ተራ ማሽንም ይሰፋል። ከዚህ ዓይነት ፓተርን የማይገኘውን ለመረዳት ግን ለገበያ የሚነድፍ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ያስፈልጋል። ንድፍ አውጪው የሚነድፈው አይቶት ለማያውቀው ሰውነት ነው። አንዱን ቅድ ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ድረስ ማስፋት አለበት። መመሪያው ልዩ ዕቃ እንዲገዛ ማዘዝ አይችልም፤ በተራ የጨርቅ ሱቅ የሚገኘውን ብቻ ይጽፋል። የጨርቁንም መጠን 115 ሴንቲ ሜትርና 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ጨርቆች ልክ ያሰላል። የዚህን ዘውግ ፓተርኖች በዚህ ዓይን ስታዩአቸው ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። በገመድ የሚጠብቅ ጀርባ ያምራል፤ ከማማሩ በላይ ግን አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር የልክ ልዩነት ይውጣል። በጥብጣብ ተስቦ የሚሸበሸብ ጉርድም የርዝመት ስህተትን ይደብቃል። ጎበዝ ንድፍ አውጪ ማለት የማያውቀውን ሰውነት እንዲህ ባለ መላ የሚያስተናግድ ነው፤ የዚህ ዘውግ ውበትም ከመላው ጋር አብሮ መሄዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ቁጥር ሲመርጥ ነው። የትልልቆቹ የአሜሪካ ፓተርን ቤቶች ቁጥር ሱቅ ከተንጠለጠለ ልብስ ቁጥር ጋር አይገናኝም። በእነሱ ሠንጠረዥ 14 ቁጥር ማለት ደረት 92፣ ወገብ 71፣ ዳሌ 97 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሱቅ 8 ወይም 10 ቁጥር የምትገዛ ሴት እዚህ 14 ብትሆን ሊደንቃት አይገባም። ይህ የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ በሰውነት ልክና በተሰፋው ልብስ ልክ መካከል ያለው ልቅነት። የእነዚህ ቤቶች ልክክ ያለ የሚባል ልብስ እንኳ ደረት ላይ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ልቅነት ሊኖረው ይችላል። ለዕለት ልብስ ደህና ነው። ኮርሴት ላይ ለሚለበስ የቪክቶሪያ ዘመን ቅድ ግን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ያ ሁሉ ትርፍ ወገቡ ላይ ሲሰበሰብ ያቺ የተፈለገችው ጠባብ ወገብ ጠፍታ ኮቱ ከሰው የተዋሱት ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን መቀሱ ከመነሳቱ በፊት መደረግ አለበት። ስሱ ወረቀት ላይ፣ ደረትና ዳሌ አጠገብ፣ መስቀል ያለበት ክብ ምልክት ይታተማል፤ ከጎኑ የተሰፋው ልብስ ልክ በየቁጥሩ ተጽፏል። ቁጥር የሚመረጠው ከዚያ እንጂ ከፖስታው ጀርባ አይደለም። ምልክቱ ካልታተመ ወረቀቱን ራሱን ለኩ፦ ከስፌት መስመር እስከ ስፌት መስመር፣ የስፌቱን ትርፍ ሳትጨምሩ። በእነዚህ ቤቶች የስፌት ትርፉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ብዙ ቁጥር የያዙ ወረቀቶች ላይ የሚታተመው የመቁረጫው መስመር ብቻ ስለሆነ የስፌቱን መስመር በማስመሪያና በእርሳስ ራሳችሁ ታሰምራላችሁ። ሌላም አለ። ፓተርኑ የተሠራው ቢ ለሚባለው የጡት መያዣ መጠን ነው። ከብብት ሥር ከፍ ብሎ የተለካው ደረትና ሙሉው ደረት ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ፣ ቁጥሩ በላይኛው ልክ ይመረጥና ጡቱ ጋ ብቻ ወረቀቱ ተቆርጦ ስፋት ይጨመርበታል። በሙሉ ደረት ልክ ከተመረጠ ትከሻውና አንገቱ ይሰፋል፤ የሰፋን ትከሻ በኋላ ማጥበብ ማለት ደግሞ እጅጌውን ሁሉ ፈቶ መጀመር ነው።

ትሩሊ ቪክቶሪያን እዚህ ላይ በግልጽ ይበልጣል። በቦዲስ (ከወገብ በላይ የሚለበስ ልክክ ያለ ልብስ) ፓተርኖቹ የጀርባና የፊት ልክ ለየብቻ ነው የሚመረጠው፤ ጠባብ ጀርባና ሙሉ ደረት ያላት ሴት ከመነሻው የሚሆናትን ታገኛለች። ልቅነቱም የዘመኑ ነው፣ ማለትም በጣም ትንሽ። ወጪው ይጨምራል፣ አንዱ ፖስታ አንድ ልብስ ብቻ ነው የሚይዘው፣ መመሪያውም መስፋት ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ቢሆንም የወገቡ መስመር ልዩነት ገና ከአቡጀዲድ ከሚሰፋው የሙከራ ልብስ ላይ ይታያል።

አቡጀዲዱን ማንም እንዳይዘልለው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሰፊዎች ለሙከራ የሚገዙት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ እኛ አቡጀዲድ የምንለው ነው፤ አዲስ አበባ ለሚሰፋ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። ለኮርሴት ሙከራ ግን አንድ ድርብ አቡጀዲድ ስለሚለጠጥ ያታልላል፤ ወይ ሁለት ድርብ አድርጉት ወይ ጠንካራ ካኪ ተጠቀሙ። ሙከራው ላይ ጥቂት አጥንት (ኮርሴቱን ቀጥ አድርገው የሚይዙ ስስ ዘንጎች) በፕላስተር ለጥፋችሁ፣ ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ሰቅ ሰፍታችሁ በገመድ ሳብ አድርጉት። ሳይታሰር የተለካ ኮርሴት ምንም አይነግራችሁም።

ልብሱን ሁሉ የሚሸከመው ኮርሴቱ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ለገበያ የሚወጡ የኮስቲዩም ፓተርኖች ቡስቲየር ሲሉ ብዙ ጊዜ የኮርሴት መልክ ያለው ሸሚዝ ማለታቸው ነው። አጥንት ተብሎ የሚታዘዘው በጥቅል የሚሸጥ ስስ ፕላስቲክ ከሆነ፣ በሰውነት ሙቀት ይለሰልስና ወገብ ላይ ይታጠፋል፤ አንዴ ከታጠፈ አይቃናም። እጥፋቱም ጎን ይወጋል። ቅርጹን ከፖስታው ወስዳችሁ ውስጡን በራሳችሁ ሥሩት። ለጎንና ለፊት 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥምዝምዝ ብረት ጥሩ ነው፣ ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይታጠፋልና የሰውነትን ክብ ይከተላል። ጀርባው ላይ፣ ከገመዱ ቀዳዳዎች ግራና ቀኝ፣ ጠፍጣፋ ብረት ይግባ። ጠፍጣፋው ከሌለ ገመዱ ሲሳብ ጀርባው ይኮማተራል። ብረት ካልተገኘ ወፍራሙ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሰሪያ ፕላስቲክ፣ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ጫፉ በእሳት ወይም በአሸዋ ወረቀት ከተለሰለሰ ከጥቅሉ ፕላስቲክ በብዙ ይሻላል።

አጥንቱ የሚገባበት ቧንቧ ከአጥንቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይስፋ። አጥንቱ ደግሞ ከቧንቧው ይጠር፦ ከላይ 6፣ ከታች 6 ሚሊ ሜትር። ልክ በልክ የተቆረጠ አጥንት በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርቁን በስቶ ይወጣል። ጨርቁ ለኮርሴት ተብሎ የሚሸመነው ኩቲል ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ሁለት ድርብ የማይለጠጥ ጥብቅ ጥጥ። ኮርሴት የሚሳበው በወገብ ዙሪያ ነው፤ የትኛው አቅጣጫ እንደማይለጠጥ ለማወቅ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዛችሁ በድሩም በማጉም ሳቡት፣ የማይሰጠው አቅጣጫ ወገቡን ይዙር። ወገቡ ላይ ከውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይለጠጥ ጥብጣብ ዙሪያውን ይሰፋ። ይህ ጥብጣብ ከሌለ መጀመሪያ የሚተረተረው የወገቡ ስፌት ነው።

አሁን ትክክለኛነት ወደሚጠይቀው ቦታ። በየጎኑ ስድስት ቁራጭ ያለው ኮርሴት በጠቅላላው አሥር ስፌት አለው። መርፌው ከመስመሩ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢስት፣ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚወስድ በአንድ ስፌት 4 ሚሊ ሜትር፣ በአሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። አንድ ሙሉ ቁጥር ማለት ነው! ለዚህ ነው ኮርሴት ላይ የሚሰፋበት መስመር በእርሳስ ተሰምሮ፣ ከወገብ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች በመርፌ ቁልፍ ተይዞ የሚሰፋው። የክር እርምጃው 2 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ ፖሊስተር፣ መርፌው የጂንስ 90 ወይም 100 ይሁን።

የገመዱ ቀዳዳም እንዲሁ ነው። ቀዳዳ በመብሻ ከተቆረጠ የተቆረጠው ክር ጠላት ሆኖ ይኖራል፤ ሲሳብ ይተረተርና ብረቱ ቀለበት ይወልቃል። በወስፌ ቀስ እያላችሁ፣ ድሩንና ማጉን ገፋ እያደረጋችሁ ክፈቱት፤ ክሩ ሳይቆረጥ ቀለበቱን ዙሪያውን ጨብጦ ይይዘዋል። ቀለበቱ ሁለት ክፍል ያለው፣ ከኋላው ዋሸር የሚባለው ቀለበታማ ብረት ያለበት ይሁን። አንድ ክፍል ብቻ ያለው የወረቀት ሥራ ቀለበት ከኋላ እየተሰነጠቀ ጨርቁንም ቆዳንም ይቧጭራል። ርቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፤ ወገብ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተጠጋግቶ ይጨመር፣ ገመዱ ከዚያ ነው የሚጠብቀው። ኮርሴቱ ታስሮ ሲያልቅ ጀርባው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እኩል ክፍተት ይቀር። ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ የተገኘ እንደሆነ የተሳሳተው ቁጥሩ እንጂ አተሳሰሩ አይደለም።

ቲቪ110 ለ1880ዎቹ የተነደፈ ስለሆነ ከባስል (ጉርዱን ከኋላ ከሚገፋው መደገፊያ) ጋር የሚለበስ ቅርጽ ለፈለገ ከሦስቱ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ላፊንግ ሙን 100 ግን ለጀማሪ የበለጠ ይራራል። አንዱ ፖስታ ሁለት ኮርሴት ይዟል፦ ዶሬ የተባለው በቀጥተኛ ስፌት የሚገጣጠም፣ ሲልቨራዶ የተባለው ጡትና ዳሌ ላይ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ የሚገባበት። የውስጥ ቀሚስና ሱሪም ተጨምሮበታል። ወገቧና ዳሌዋ በጣም ለሚለያዩ ሴት ሲልቨራዶ ይሻላል፣ ሰፊውን ቦታ ብቻ ለይቶ ማስተካከል ይቻላልና። ግን የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይደናቀፋል፤ ጨርቁ ሲሰነጠቅ ጫፉ ላይ ምንም የስፌት ትርፍ አይቀርም። ከመሰንጠቁ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ስስ ጥጥ ይሰፋበት፣ ከዚያ ይሰንጠቅ። ለመጀመሪያ ኮርሴታችሁ ዶሬን ሥሩ።

ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፦ መጀመሪያ ኮርሴት፣ ከዚያ ባስል፣ ከዚያ የውስጥ ጉርድ፣ ከዚያ የላይ ጉርድ፣ ኮቱ መጨረሻ። ባስል ከወገብ በታች ጀርባ ላይ ታስሮ ጉርዱን ወደ ኋላ የሚገፋ መደገፊያ ነው፤ ሁለት ዘመን ነበረው፣ ከ1869 እስከ 1876 ገደማ እና እንደገና ከ1883 እስከ 1889 ገደማ። ሁለተኛው ይበልጥ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነው፤ ለስቲምፓንክ የሚመቸውም እሱ ነው፣ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ መካኒክ መልክ ይሰጣል። ኮቱን አስቀድሞ የሰፋ ሰው ባስል ሲያደርግበት ጀርባው ላይ ይነሳበታል፣ ጅራቱም ይከፈታል።

ቲቪ261 አራት ቁራጭ ያለው የ1885 ጉርድ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ በገንዘቡ ልክ የሚያገለግለውም እሱ ነው እንላለን። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ሙሉ ስለሆነ ለጥፈትም ለሽንሽንም መሠረት ይሆናል፤ አንዴ ወረቀቱን ካስተካከላችሁ አሥር ዓይነት ልብስ ይወጣዋል። የታችኛው ጠርዝ ግን በወረቀቱ ላይ አይወሰን። ባስሉን ታጥቃችሁ፣ የምትጫሙትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ከወገብ እስከ መሬት በፊት፣ በጎንና በጀርባ ለየብቻ ለኩ። ጀርባው በብዙ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ተራ የጉርድ ፓተርን ባስል ላይ ሲለበስ ከኋላ ሽቅብ ብሎ የሚታየው ይህ ስላልተለካ ነው። የተሳበ ሽብሽብ ለሚፈልግ፣ በውስጥ በኩል በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ የመጋረጃ ቀለበት ሰፍቶ በጥብጣብ መሳብ ይበቃል፤ ሲፈታ ደግሞ ጉርዱ ለካውያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል።

ቡናማው ነገር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በ1856 እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን ከከሰል ሬንጅ ሐምራዊ ቀለም ካወጣ በኋላ የቪክቶሪያ ሴቶች ደማቅ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበር የሚለብሱት። ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ ከነሐስ ቁልፍ ጋር፣ ወይም ወይን ጠጅ ከፋይ ከጥቁር ቆዳ ጋር ከቡናማው ብዛት መሀል ወዲያው ይለያል። ከፋይ ከተመረጠ ጠጉሩ በሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፤ ስለዚህ ፖስታው ከሚለው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሩ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ የመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ አይጠፋም፣ በመቆንጠጫ ያዙት። እርምጃውን ወደ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር አስረዝሙ፤ ያጠረ እርምጃ ቆዳውን እንደ ቴምብር ይበሳሳና በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ከድረ ገጽ የሚገዙ ፓተርኖች ሌላ ችግር አለባቸው። ለአሜሪካ ወረቀት የተዘጋጀ ፋይል 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኛ የምንጠቀመው ኤ4 210 በ297። ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስተካክል» ከተባለ ሁሉንም ያሳንሳል። 3 በመቶ እንኳ ቢያንስ ከ92 ሴንቲ ሜትር ደረት ላይ 2.8 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ለኮርሴት ይህ ኪሳራ ነው። ማተሚያ ቤት ስትሰጡ «በ100 ፐርሰንት» በሉ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አሳትማችሁ እዚያ የታተመውን የሙከራ ካሬ፣ የተጻፈበትን ልክ መያዙን፣ በማስመሪያ ለኩ፤ ልክ ከሆነ ብቻ የቀረው ይታተም።

ጌጡን በአጭሩ፦ ብረቱን ልብሱ ላይ በቀጥታ አትለጥፉ። ቁራጭ ቆዳ ላይ ስፉት፣ ቆዳውን በተደባቂ ቁልፍ ልብሱ ላይ ግጠሙት። ልብሱ ሲታጠብ ይወልቃል፣ ክብደቱም ጨርቁን አይጎትትም። ሙጫ ከጨርቅ ላይ በሙቀት ይላቀቃል፤ ሲላቀቅም እድፉን ትቶ ነው።

ሲገዙ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር ይቀራል። የኮስቲዩም ፓተርኖች ከኅትመት ቶሎ ይወጣሉ፤ ብዙ አሜሪካውያን ፓተርን ይገዙበት የነበረው የጆአን ሱቅ ሰንሰለትም በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ የቆየ ፖስታ ከግለሰብ የሚገዛ ይበዛል። ሻጩ ወረቀቱ እንዳልተቆረጠ፣ ከተቆረጠም በየትኛው ቁጥር እንደተቆረጠ ይንገራችሁ። ፖስታው ላይ የታተመው የቁጥሮች ክልል የእናንተን መያዙንም እዩ፤ አንዱ ፓተርን ለትንንሽና ለትልልቅ ቁጥሮች በሁለት የተለያዩ ፖስታዎች ነው የሚሸጠው፣ የፊቱ ሥዕል ግን አንድ ነው። ሲደርሳችሁ ቁራጮቹን ከመመሪያው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት የኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ዋናውን ወረቀት አትቁረጡት፤ በስስ ወረቀት ገልብጣችሁ ቅጂውን ቁረጡ።